ቲኬት የሚቆርጥ አባት ሽንኩርትም ይክተፍ

እስቲ ጎበዝ፣ እንነጋገር። በ2012 ዓ.ም የተከፈተው አንድነት ፓርክ ልጅ ይዞ መሄድ ደስ ይላል። አንበሳ ማሳየት፣ ፎቶ ማንሳት፣ አይስክሬም መግዛት... ማን ይጠላል? ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ማታ ቤት ስትገቡ እራቱን ማን ይሠራል?

እዚያው ግቢ የምኒልክ የግብር አዳራሽ አለ። አባት ለልጁ «እዚህ ንጉሡ ግብር ያበሉ ነበር» ይለዋል። ማን ፈጨ? ማን ጋገረ? ዝም! ቤትም ያው ነው። ቀኑን ሙሉ ልጅ ስትከተል የዋለችው እናት በቀጥታ ወደ ማጀት፤ አባት ሶፋ ላይ፣ «ኧረ ደከመኝ!»

«አልችልበትም» አይሠራም። ሽሮ ማለት ሽንኩርት አቁላልቶ፣ ውሃ ጨምሮ፣ ዱቄቱን እየነሰነሱ ማማሰል ነው። «አልወድም» ካላችሁ ደግሞ እኔም አልወድም። እሷስ ሁሌ ወዳ መሰላችሁ?

የአራት ዓመቱን ልጅም አስገቡት። ነጭ ሽንኩርት ይላጥ። ዱቄት ይደፋል፣ እራት ይዘገያል፤ ይሁን! አባቱ ሲያማስል እያየ ያደገ ልጅ ነገ ሚስቱን «እራት የታለ?» ብሎ ለመጮህ ያፍራል። ይኼን ደግሞ የትኛውም ፓርክ በቲኬት አይሸጥላችሁም።