የዋግን ሙጫ ማን ይመርምረው?

የዋግ ሕምራ ነጭ ማር የታወቀ ነው፤ በአበርገሌና በዝቋላ ቆላ የሚገኘውም ዕጣን ገበያ አጥቶ አያውቅም። እኛ ተማሪዎች ግን ሁለቱን በሌላ ዓይን ልናያቸው ይገባናል። ማር በአብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው፤ በዕጣኑም ውስጥ ከዘይቱና ከረዚኑ ሌላ በስኳር ሰንሰለት የተሠራ ሙጫ አለ። ስኳር ደግሞ ዛሬ በሕክምና ምስል ዘንድ ትልቅ ምርምር ይካሄድበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኤም አር አይ ሲመረመሩ ዕጢን አጉልቶ የሚያሳይ፣ ጋዶሊኒየም የተባለ ብረት ያለበት መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ይሰጣል። ብዙ ሰው ጠቅሟል። ይሁን እንጂ በ2006 ኩላሊታቸው ክፉኛ በደከመ ሕሙማን ላይ ቆዳን ከሚያደነድን ሕመም ጋር መያያዙ ታወቀ፤ በ2014ም ጥቂቱ በአንጎል ውስጥ እንደሚቀር ተገለጸ። ከዚያ ወዲህ ይበልጥ የጸኑት ዓይነቶች ቢመረጡም ጥያቄው አልተዘጋም።

ስኳር የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። የስኳር ሃይድሮጅን ከውሃ ሃይድሮጅን ጋር ቦታ ይለዋወጣል፤ የስኳሩ በሬዲዮ ሞገድ ሲነካ የውሃው ምልክት ይደክማል፤ ስኳር የተሰበሰበበትም ዕጢ ተለይቶ ይታያል። በ2013 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ይህን በአይጦች ዕጢ ላይ በተራ ግሉኮስ አሳዩ፤ በ2017 የጆንስ ሆፕኪንስ ሰዎች ዴክስትራን በተባለ የስኳር ሰንሰለት ሞከሩት።

«ይህ ለሰቆጣ ምን ይፈይዳል?» የሚሉን አሉ። መልሳችን አጭር ነው፤ የኩላሊት ምርመራ እንደ ልብ በማይገኝበት ስፍራ ኩላሊትን የማያሰጋ መድኃኒት ከሁሉ ይልቅ ይፈለጋል። እርግጥ የስኳሩ ምልክት ደካማ ነው፤ ብርቱ ማግኔትም ይፈልጋል፤ ለስኳር ሕመምተኛም ጥንቃቄ ያሻዋል። ማርም በመርፌ ይሰጥ አንልም።

የምንለው ይህን ነው፤ ሙጫውን ከረዚኑ ለይቶ ማጥራት፣ ስኳሮቹንም መለየት ማግኔት አይጠይቅም፤ ላቦራቶሪና ትጋት ይበቃዋል። የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የግራር ሙጫን በወርቅ ቅንጣት ላይ አልብሰው ለራጅ ምስል ሲሞክሩት ሙጫው እንደኛው ያለ የአፍሪካ ዛፍ የሚሰጠው ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። የኬሚስትሪና የሕክምና መምህሮቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲሰጡን የዋግን ሙጫ ከርእሶቹ አንዱ ያድርጉት። እኛ ካልመረመርነው ዕጣኑ ጥሬውን ይወጣል፤ ዕውቀቱንም ከሌላ እንገዛለን።