ባለ አንድ ስለቱ ርካሽ ምላጭ ለእኛ ፊት ይበቃል

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጢም መላጫ ነው፡፡ «ደግሞ ስለ ምላጭ ምን ይጻፋል?» የምትሉ አትጠፉም፡፡ ነገር ግን ከየቤታችን በየወሩ ገንዘብ የሚወጣበት፣ የልጆቻችን ፊት የሚቆስልበት፣ ከእምነታችንም ጋር የሚነካካ ጉዳይ ስለሆነ ጥቂት ታገሱኝ፡፡ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ሐሳቤን አስቀድሜ ላስቀምጥ፡፡ እንደ እኛ ጢሙ የሚጠቀለል ሰው ባለ ሦስትና ባለ አምስት ስለት መላጫ ላይ ገንዘቡን ባያፈስ ይሻለዋል፡፡ አንድ ስለት ያለው ርካሹ ምላጭ፣ በትዕግሥትና በብዙ ውኃ ከተላጩበት፣ ለቆዳችን የተሻለ ነው፡፡ በእርሱም ያልሆነለት ሰው ምላጭን ጨርሶ ትቶ በቶንዶስ ማሳጠር አለበት እንጂ በየጠዋቱ ፊቱን ማድማት የለበትም፡፡

ምክንያቱን ላስረዳ፡፡ ባለ ብዙ ስለቱ መላጫ የሚሠራው እንዲህ ነው፡፡ የመጀመሪያው ስለት ፀጉሩን ይዞ ትንሽ ሳብ ያደርገዋል፤ ተከትሎ የሚመጣው ስለት ደግሞ ፀጉሩ ወደ ቦታው ሳይመለስ ይቆርጠዋል፡፡ የቀረው ጫፍ ከቆዳ በታች ይገባል፡፡ ፀጉሩ ቀጥ ያለ ሰው በዚህ ይደሰታል፤ ፊቱ ይለሰልስለታል፣ ፀጉሩም ሲያድግ በመጣበት ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ይወጣል፡፡ እዚህ በእኛ ሕንፃ የሚኖር ከሩሲያ የመጣ ጎረቤቴ ባለ አምስት ስለቱን ሲያሞግስ አይጠግብም፤ እውነቱን ነው፣ ለእርሱ ይስማማዋል፡፡ የእኛ ፀጉር ግን ጥምዝ ነው፡፡ ጫፉ ሾሎ ከቆዳ በታች ሲቀር፣ በሚያድግበት ጊዜ ወደ ጎን ይዞርና የገዛ ቆዳችንን ይወጋል፡፡ አንዳንዱም ከወጣ በኋላ ተጠቅልሎ ተመልሶ ይገባል፡፡ ሰውነት ይህንን እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ይታገለዋል፤ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ መግል ይቋጥራል፣ ሲድንም ጥቁር ምልክት ይተዋል፡፡ ሐኪሞች ሱዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ ይሉታል፤ እኛ «ተላጭቼ ፊቴ ሽፍ አለብኝ» እንላለን፡፡ ዛሬ ተላጭቶ በሦስተኛው ቀን አንገቱ ሁሉ የሚያብጥ ሰው፣ ታጥቦ ጭቃ ማለት ይህ ነው!

የስለት መብዛት ዱሮ የነበረ ነገር እንዳይመስላችሁ፡፡ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ ሁለት ጠርዝ ያለውን ስስ ምላጭ ገበያ ላይ ያወጣው በ1903 ነው፤ በዚያ ዓመት የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር፡፡ ከዚያ በኋላ ዓለምን አዳረሰው፡፡ ሁለት ስለት ጎን ለጎን የመጣው በ1971፣ ሦስት በ1998፣ አራት በ2003፣ አምስት በ2006 ነው፡፡ እንግዲህ አያቶቻችንም፣ ያ ጎረቤቴ የሚኮራባቸው የሩሲያ አያቶችም፣ የተላጩት በአንድ ስለት ነው ማለት ነው፡፡ ስለቱ በበዛ ቁጥር ዋጋው ጨመረ፤ የእኛ ፀጉር ግን አልተለወጠም፡፡

አሁን በአንድ ስለት የሚላጩባቸውን ርካሽ ዕቃዎች አንድ በአንድ እናወዳድር፡፡

አንደኛው ተላጭተው የሚጥሉት የፕላስቲክ መላጫ ነው፡፡ ቢክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ1975 ያወጣው ዓይነት ማለቴ ነው፤ ብርቱካናማው ባለ አንድ ስለት ነው፡፡ ቀላል ነው፣ በየሱፐሩ ይገኛል፣ ለጀማሪ እጅም አይከብድም፡፡ ጉድለቱ ቶሎ መደነዙ ነው፡፡ አንዴ ወይም ሁለቴ ከተላጩበት በኋላ ፀጉርን መቁረጥ ትቶ መጎተት ይጀምራል፤ የሚጎትት ስለት ደግሞ ለጥምዝ ፀጉር ጠላት ነው፡፡ ርካሽ ነው ብለው ሳምንቱን ሙሉ የሚላጩበት ሰዎች ናቸው «ቢክ ፊቴን አበላሸው» የሚሉት፡፡ ስትገዙም በደንብ እዩ፤ ብዙው የሚጣል መላጫ ከአንድ በላይ ስለት አለው፡፡

ሁለተኛው ምላጭ የሚገባበት የብረት መላጫ ነው፡፡ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፡፡ ብረቱን አንዴ ትገዛላችሁ፣ ካልጠፋ ለልጅም ይተርፋል፡፡ ከዚያ በኋላ የምትገዙት ምላጩን ብቻ ነው፡፡ ትልቁ ጥቅሙ የማንኛውም አገር ባለ ሁለት ጠርዝ ምላጭ በማንኛውም ብረት ላይ መግባቱ ነው፤ የአንድ ኩባንያ ምርኮኛ አትሆኑም፡፡ ከምላጮቹ መካከል የጃፓኑ ፌዘር በስለቱ ኃይለኛነት የታወቀ ስለሆነ እጃችሁ እስኪለምድ አትጀምሩበት፡፡ የቱርኩ ደርቢ ለስለስ ያለ ነው፤ ወፍራም ጢም ላለው ግን ሊጎትት ይችላል፡፡ የግብፁ ሎርድ ርካሽ ነው፡፡ በዚሁ በእስራኤል የተሠራው ፐርሶና ደግሞ በመካከል ያለ፣ በውጭ አገር ሰዎችም ዘንድ ስም ያተረፈ ምላጭ ነው፡፡ የሰው ፊት ስለሚለያይ ከየዓይነቱ አንዳንድ ፓኬት ሞክሩና የተስማማችሁን ያዙ፡፡

ሒሳቡንም እንሥራ፡፡ አንድ ፓኬት ውስጥ 5 ምላጭ አለ እንበል፡፡ አንዱ ምላጭ ለ4 ጊዜ ቢያገለግል 20 ጊዜ ተላጫችሁ ማለት ነው፡፡ በሳምንት 3 ጊዜ ለሚላጭ ሰው ይህ ወደ 7 ሳምንት ያደርሳል፡፡ ባለ አምስት ስለቱ ከሚሸጥባቸው ራሶች የአንዱን ብቻ ዋጋ ከዚህ ጋር አስተያዩት፡፡ ሦስት ወንዶች ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም፡፡

ሦስተኛው አገር ቤት የለመድነው ነው፤ ምላጩን ያለ ብረት በጣት ይዞ መላጨት፣ ወይም ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ምላጭ እጀታ ላይ ሰክቶ የሚላጨው፡፡ በሠለጠነ እጅ ጥሩ ይላጫል፡፡ ነገር ግን የምላጩን ጠርዝ ለጥቂት ብቻ ብቅ የሚያደርግ መከለያ ስለሌለው በቀላሉ ይቆርጣል፡፡ ቤታችሁ ብቻችሁን ስትላጩ አልመክራችሁም፡፡ ፀጉር ቤት ከሆነ ደግሞ ምላጩ ከፓኬቱ ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ፡፡ በኢትዮጵያ ኤች አይ ቪ መኖሩ ከታወቀበት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ስለት በጋራ እንዳንጠቀም ሲነገረን ኖሯል፡፡ ትምህርቱ ዛሬም አላረጀም፤ የጉበት በሽታ የሚያመጡት ሄፓታይተስ ቢ እና ሲም በደም በተነካ ስለት ይተላለፋሉ፡፡ አባትና ልጅም ቢሆኑ፣ ወንድማማቾችም ቢሆኑ፣ ምላጭ እንደ እንጀራ በአንድ ገበታ አይካፈሉትም!

አራተኛው ቶንዶስ ነው፤ እዚህ ማሽን የምንለው፡፡ ጢሙን ሙልጭ አያደርገውም፣ ጥቂት ያስቀርና ፀጉሩ ከቆዳ በላይ እንዲቀር ያደርጋል፡፡ ፊቱ በምላጭ ሁሉ ሽፍ ለሚልበት ሰው ከዚህ የተሻለ መፍትሔ የለም፡፡ መጀመሪያ ሲገዙት ከምላጭ ይወደዳል፣ ግን ዓመታት ያገለግላል፡፡

የትኛውንም ብትመርጡ አላላጩ ካልተስተካከለ ዋጋ የለውም፡፡ ገላችሁን ከታጠባችሁ በኋላ ተላጩ፤ ያ ካልሆነ ለብ ባለ ውኃ ጢሙን ለጥቂት ደቂቃ አርሱት፡፡ ሳሙናውን በደንብ አረፋ አድርጉት፡፡ ፀጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ብቻ ላጩ፤ አንገት ላይ አቅጣጫው ስለሚለዋወጥ በጣታችሁ ዳስሳችሁ እወቁት፡፡ ቆዳውን አትወጥሩ፣ ብረቱን አትጫኑ፣ የብረቱ ክብደት ራሱ ይበቃል፡፡ የተላጨውን ቦታ ደጋግማችሁ አትመለሱበት፤ ትንሽ ጥቁረት ቢቀር ከማበጥ ይሻላል፡፡ ሲያልቅ በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቡ፤ የሚያቃጥል አልኮል ያለበት ሽቶ ይቅርባችሁ፡፡ ፊታችሁ ካበጠም እስኪድን ድረስ አትላጩ፡፡

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ገንዘብና ስለ ቆዳ ነው፡፡ ከዚህ የሚከብደው ግን የወታደሮቻችን ነገር ነው፡፡ እሑድ ጠዋት የቤርሸባ አውቶቡስ ጣቢያ ወታደሮች ይሞሉበታል፤ ብዙዎቹ በኔጌቭ ወዳሉ የማሠልጠኛ ሠፈሮች የሚሄዱ ናቸው፡፡ ከመካከላቸው የእኛን ልጆች አንገት ልብ ብላችሁ እዩ፡፡ በሠራዊቱ ጢም ለማሳደግ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ መላጨት ግዴታ ነው፡፡ ልጁ በጠዋት ጨለማ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በደነዘዘ መላጫ፣ በጥድፊያ ይላጫል፡፡ ከዚያ ላብና አቧራ አለ፡፡ ፊቱ ሲያብጥ ደግሞ የማያውቅ ሰው «ንጽሕና አይጠብቅም» ይለዋል፡፡ ይህ ግፍ ነው! ያበጠው ስለታጠበና ስለተላጨ እንጂ ስለቆሸሸ አይደለም፡፡ በሕክምና ምክንያት ከመላጨት ፈቃድ እንደሚሰጥ ብዙ ወላጆች አያውቁም፤ ልጆቹም ሰነፍ እንዳይባሉ ፈርተው አይጠይቁም፡፡ እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁን ሐኪም ዘንድ ሄዶ እንዲያሳይ ንገሩት፡፡ ሕመም ነው፣ ስም ያለው ሕመም ነው፡፡

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻም አይደለም፡፡ በአሜሪካ አንድ የፒዛ ድርጅት ሠራተኞቹ ሁሉ ጢማቸውን እንዲላጩ ያስገድድ ነበር፡፡ በዚህ ቆዳ ሕመም ምክንያት መላጨት ባልቻለ ጥቁር ሠራተኛ የተነሣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1993 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሕጉ ጥቁሮችን ለይቶ እንደሚጎዳ ፈረደ፡፡ በሌላ በኩል በ2025 የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት፣ ከአንድ ዓመት በላይ ታክመው መላጨት ያልቻሉ ወታደሮች ሊሰናበቱ እንደሚችሉ መመሪያ አውጥቷል፡፡ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያላችሁ ዘመዶቻችን ይህንን ሳታውቁ አትቀሩም፡፡

ወደ እምነታችን ስንመጣ፣ ኦሪት ዘሌዋውያን 19፡27 የጢምን ጠርዝ ማጥፋት ይከለክላል፡፡ የታልሙድ ሊቃውንት ክልከላው ፀጉርን ከሥሩ በሚያጠፋ ምላጭ መላጨት ላይ እንደሆነ፣ በመቀስ ማሳጠር ግን እንደተፈቀደ አስተምረዋል፡፡ በኤሌክትሪክ ማሽን ላይ ረቢዎች አይስማሙም፤ ብዙዎቹ እንደ መቀስ ስለሚቆርጥ ይፈቅዱታል፣ ሐዞን ኢሽን የመሰሉ ደግሞ ከልክለዋል፡፡ ስለዚህ ይህንን ትእዛዝ ለሚጠብቅ ሰው በባለ አንድና በባለ አምስት ስለት መካከል ልዩነት የለም፤ ሁለቱም ምላጭ ናቸው፡፡ እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሐኪሙ ለሚቆስል ፊት የሚመክረውና ብዙ ረቢዎች የሚፈቅዱት እዚህ ላይ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ዘንድ ያለው ቶንዶስ ነው፡፡ ሃይማኖቱን የሚጠብቅ ወንድሜ በዚህ ምንም አልጎደለበትም፡፡

መላጨትን የሚንቅም አይኑር፡፡ ዮሴፍ በባዕድ አገር ከእስር ቤት ወጥቶ ፈርዖን ፊት ሊቀርብ ሲል ተላጭቶ ልብሱን ለወጠ (ዘፍጥረት 41፡14)፡፡ የዳዊት መልእክተኞች ደግሞ አሞናውያን ጢማቸውን በግማሽ በላጯቸው ጊዜ ከኀፍረት የተነሣ እስኪያድግ ድረስ በኢያሪኮ ተቀመጡ (2ኛ ሳሙኤል 10)፡፡ በሰው አገር የሚኖር ሰው ፊቱን ማስተካከሉ ከንቱ ነገር አይደለም፤ ፊቱን ሳይፈልግ ማቁሰል ግን ማስተካከል አይባልም፡፡

በመጨረሻ ወደ አገር ቤት ዕቃ ለምትልኩ አንድ ምክር አለኝ፡፡ ለአባቶቻችንና ለወንድሞቻችን ባለ አምስት ስለት መላጫ በስጦታ አትላኩ፡፡ ራሱ ሲያልቅ የሚተካው አይገኝም፣ ቢገኝም ውድ ነው፤ እነርሱም የደነዘዘውን ለወራት ይላጩበታል፡፡ ይልቅስ ምላጭ የሚገባበት ጥሩ ብረት ላኩላቸው፤ ምላጩን እዚያው ከሱቅ ይገዙታል፡፡ ራሳችሁ ስትሄዱም ምላጩን በእጅ ሻንጣ አትያዙ፣ ፍተሻ ላይ ይወሰድባችኋል፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጉት፡፡ የተጠቀማችሁበትንም ምላጭ ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅማችሁ ጣሉ እንጂ ቆሻሻ የሚያነሣውን ሰው እጅ አታስቆርጡ፡፡

ውድ የሆነ ሁሉ ለእኛ አይበጅም፤ ማስታወቂያውም የተሠራው የእኛን ፊት አይቶ አይደለም፡፡ የራሳችንን ቆዳ እናውቃለንና የሚስማማውን እንምረጥ፣ ልጆቻችንንም እናስተምር፡፡