ሖፍሺ እና ሒናም አንድ አይደሉም



በመርካዝ ክሊታችን የሚኖር አንድ ወጣት ከኡልፓን በኋላ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ለመማር ወደ አንድ ኩርስ ሄዶ ነበር። ከትምህርቱ ክፍያ ሌላ «ለኮምፓይለሩ» ተብሎ ለብቻው ገንዘብ ተጠየቀ። ቤተሰቡም ከሳል ክሊታው ላይ ቀንሶ ሊከፍልለት ተነሣ። እኔን ብዕር ያስነሣኝ ይኸው ነው፤ ለሲ ቋንቋ የሚሆን ጥሩ ኮምፓይለር ማንም ሰው ሳይከፍል ያገኛልና።

ኮምፓይለር ማለት አስተርጓሚ ነው። ኩፓት ሖሊም ስንሄድ በሐኪሙና በእኛ መካከል የሚቆመውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። ኮምፒዩተሩም የሚገባው የራሱ የቁጥር ቋንቋ ብቻ ስለሆነ፣ ሰው በሲ የጻፈውን ወደዚያ የሚመልስለት ፕሮግራም ያስፈልገዋል። በሲ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው በአራት ነጥብ ሳይሆን ሴሚኮለን በሚባለው ምልክት ነው፤ እሱን ከረሱት ኮምፓይለሩ በስንተኛው መስመር አካባቢ ስሕተት እንዳለ ነግሮዎት ይቆማል። እንደ አንዳንድ አስተርጓሚ አድበስብሶ አያልፍም!

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። እኛ «ነፃ» ስንል ያልተከፈለበትንም ያልታሰረውንም ማለታችን ነው። እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው። ዕብራይስጡ ግን ይለያቸዋል፤ ያልተከፈለበት ሒናም፣ ያልታሰረው ሖፍሺ ይባላል። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ በ1983 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ግኑ የተባለውን ሥራ ሲያስታውቅ የፈለገው ሖፍሺውን ነበር። ራሱ እንኳ በ1985 ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ መጻፊያ በቴፕ እየገለበጠ በ150 ዶላር ይሸጥ ነበር። የገዛው ሰው ግን ውስጡን ማየት፣ መለወጥና ለጎረቤቱ ገልብጦ መስጠት ይችላል። በ1987 የወጣው ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለርም በዚሁ መንገድ ተሰጠ። በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ተማሪ ሊኑክስን ሲጀምር የተጠቀመው በዚሁ ነው። ተማሪ ነበር፤ የሚገዛበት ገንዘብ አልጠየቀውም።

ዛሬ ጂሲሲ ሒናምም ሖፍሺም ነው። ስሕተት የሚፈለግበት ጂዲቢም አብሮት ይገኛል፤ ክላንግ የሚባል ሌላ ነፃ ኮምፓይለርም አለ። በጂሲሲ የሠራችሁትን ፕሮግራም መሸጥም ትችላላችሁ፤ የሥራው ባለቤት እናንተ ናችሁ።

«ቋንቋው ይከብደናል» የሚሉ አሉ። በ1989 በወጣው ደንብ መሠረት ሲ ያሉት ቁልፍ ቃላት 32 ናቸው። እኛ 33 ፊደል በሰባት ቤት፣ 231 ሆሄ ቆጥረን ያደግን ነን። ከ2020 ወዲህ ባለው ጂሲሲ ደግሞ በፕሮግራሙ ውስጥ ለምንጠቀምባቸው ነገሮች በፊደላችን ስም ማውጣት ይቻላል፤ «ዋጋ» ብለው ቢጽፉ ይቀበላል። (ቁልፍ ቃላቱ ግን እንግሊዝኛ እንደሆኑ ናቸው።) እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኮምፓይለሩ ስሕተቱን የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፣ አስተማሪው የሚያስረዳው በዕብራይስጥ ነው፣ ልጁ የሚያስበው በአማርኛ ነው። ለዚህ መምህር ያስፈልጋል፤ ለመምህር መክፈልም ተገቢ ነው። በነፃ ለሚገኝ ዕቃ መክፈል ግን ከአዲስ መጤ ኪስ መውሰድ ነው።

ስለዚህ የመርካዙን አስተዳደር የምጠይቀው ይህ ነው። የኮምፒዩተር ክፍሉ ከኡልፓን በኋላ በሳምንት ሁለት ማታ ይከፈት፤ በማሽኖቹም ላይ ሊኑክስና ጂሲሲ ይጫኑ፤ ያረጀ ኮምፒዩተርም ለመጀመሪያ ትምህርት ይበቃል። ወላጆችም ኩርስ ከመፈረማችሁ በፊት የክፍያው ዝርዝር በጽሑፍ ይሰጣችሁ ዘንድ ጠይቁ፤ «ኮምፓይለር» የሚል መስመር ካያችሁም የትኛው እንደሆነና ለምን ጂሲሲ እንደማይበቃ ያስረዷችሁ።