ቢጫዋ ባንዲራ የሐኪም ወረቀት አይደለችም

ፋንታሲ ላይ ጎበዝ የሚባለው ማን ጎል እንደሚያገባ ቀድሞ የሚገምት ሰው ነው። በእኔ እምነት ግን ዓመቱን የሚወስነው ሌላ ጥያቄ ነው፤ የተጎዳውን ተጫዋች ምን ላድርገው? ልሽጠው፣ ላቆየው ወይስ ማይነስ 4 ከፍዬ ዛሬውኑ ልገላገለው?

ቅዳሜ ከሰዓት አዳማም ሆነ ሞጆ፣ ባቱም ሆነ ሻሸመኔ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ጎራ ብትሉ ግማሹ ሰው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን ስልኩን ነው የሚያየው። እኔ ያለሁበት ሚኒ ሊግ 20 ሰው አለው። ፍራንኮ አካባቢ የሚሠሩ የባጃጅ ሹፌሮች፣ ሁለት የባንክ ሠራተኞች፣ ተማሪዎችና ወንጂ የሚኖር አንድ መምህር አሉበት። ዓመቱ ሲጀመር በነፍስ ወከፍ 500 ብር በቴሌብር እናዋጣለን፤ በድምሩ 10,000 ብር ይሆናል። ለአንዱ የቡና ወሬ ነው፣ ለሌላው የቤት ኪራይ ነው። ስለዚህ የአንድ እንግሊዝ አገር ያለ ልጅ ታፋ ሲሳብ አዳማ ላይ ኪስ ይነካል ብል ማጋነን አይሆንም።

የዘንድሮውን የኮል ፓልመርን ነገር ተመልከቱ። 2025/26 ሲጀመር ዋጋው 10.5 ሚሊዮን ነበር፤ ካለን 100 ሚሊዮን ውስጥ ከአስር አንዱን ብቻውን ይወስዳል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2025 ኦልድ ትራፎርድ ላይ ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው በብሽሽት ጉዳት ወጣ። በወቅቱ አሠልጣኝ የነበሩት ኤንዞ ማሬስካ መጀመሪያ የሰጡት ተስፋ ከኦክቶበሩ የብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ በኋላ ይመለሳል የሚል ነበር። ቀኑ ሲደርስ ሌላ ስድስት ሳምንት ተጨመረበት። ስድስቱ ሳምንት ሊያልቅ ሲል ደግሞ ቤቱ ውስጥ እንቅፋት መትቶት የእግሩ ጣት ተሰበረ። አዎ፣ እንቅፋት! ይህን የትኛው ስታትስቲክስ ይገምታል?

በእኛ ሊግ ፓልመርን ይዘው የቆዩት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። በየሳምንቱ «ትንሽ ቀረው» ሲባሉ ነው የቆዩት። ይህን ከቡካዮ ሳካ ጉዳት ጋር አስተያዩት። ሳካ ዲሴምበር 21 ቀን 2024 ክሪስታል ፓላስ ሜዳ ላይ የታፋ ጡንቻው ተጎዳ፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ የተመለሰው ኤፕሪል 1 ቀን 2025 ነው፤ 101 ቀን መሆኑ ነው። ለአርሰናል ከባድ ዜና ነበር፤ ለፋንታሲ ተጫዋች ግን ቀላል ነው። ቀዶ ሕክምና ሲባል ቁርጡን ታውቃለህ፣ ትሸጣለህ፣ በቃ። ነጥብ የሚበላው ቁርጡ የማይነገረው ጉዳት ነው። «ከሳምንት ሳምንት እናየዋለን» የምትል የአሠልጣኝ መልስ ከቀይ ባንዲራ በላይ ትከፋለች።

ባንዲራዋንም ቢሆን ከሚገባት በላይ የምናምናት ይመስለኛል። ቢጫ ሆኖ 75 በመቶ ሲል ብዙ ሰው ሐኪም መርምሮ ያወጣው ቁጥር ይመስለዋል። አይደለም። በአብዛኛው ከክለቦችና ከአሠልጣኞች መግለጫ ተነስቶ የሚቀመጥ ምልክት ነው፤ 75፣ 50፣ 25 እና ዜሮ የሚሉ አራት ደረጃዎች ብቻ ነው ያሉት። የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ደግሞ ማን እንደተጎዳ ለሕዝብ የመዘርዘር ግዴታ የለበትም። አሠልጣኙ ዓርብ ዕለት ጋዜጠኞች ፊት ቁጭ ብሎ የሚያወራው ቅዳሜ የሚገጥመው አሠልጣኝም እንደሚሰማው እያወቀ ነው። ለምን ሁሉን ይነግርሃል?

ቅርጫት ኳስ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የኤንቢኤ ቡድኖች ከጨዋታው በፊት በነበረው ቀን የተጎዱ ተጫዋቾቻቸውን ዝርዝር ለሊጉ የማስገባት ግዴታ አለባቸው፤ ማን እንደማይሰለፍ፣ ማን እንደሚያጠራጥር በይፋ ይወጣል። ፋንታሲውም ለዚህ የተመቸ ነው። በያሁም በኢኤስፒኤንም ለተጎዳ ተጫዋች የተለየ ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል፤ እዚያ ታስተኛዋለህ፣ በእሱ ፋንታ ሌላ ሰው ታስገባለህ፣ ሲድን ትመልሰዋለህ። የእኛው ኤፍፒኤል ላይ እንዲህ ያለ አልጋ የለም። 15 ሰው ብቻ ነው ያለህ፤ የታመመውም የጤነኛውን ቦታ ይዞ ነው የሚታመመው።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔ በዋናነት የማምነው ዝውውር ማጠራቀምን ነው። በየሳምንቱ አንድ ነፃ ዝውውር ይሰጠናል፤ እስከ አምስት ማጠራቀም ይቻላል። ብዙ ሰው ሳምንቱ ሲደርስ እጁን ይበላውና ጤነኛን በጤነኛ ይቀይራል። የተጠራቀመ ዝውውር እንደ እድር ነው፤ ጥቅሙ የሚታየው ችግር በር ሲያንኳኳ ነው። ዘንድሮ በአፍሪካ ዋንጫው ምክንያት 16ኛው ሳምንት ላይ ለሁሉም እስከ አምስት ተሞልቶለት ነበር፤ እሱ ግን ስጦታ ነው፣ በየዓመቱ አይጠበቅም።

ማይነስ 4 ላይ ደግሞ ሒሳቡን ቁጭ ብለን እንሥራው። አጥቂህ ተጎድቶ የማይሰለፍ ከሆነ ዜሮ ነው ያለህ ብለህ ትደነግጣለህ። ዜሮ ግን ላይሆን ይችላል። ወንበር ላይ ያስቀመጥከው ርካሽ ተከላካይ ወይም አማካይ ሙሉ ጨዋታ ከተጫወተ ራሱ ይገባና ምንም ባያደርግ እንኳ 2 ነጥብ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ 4 ከፍለህ ያመጣኸው ሰው እዚያው ሳምንት 6 ነጥብ ካላገኘ ከስረሃል። አጥቂ 90 ደቂቃ ተጫውቶ አንድ ጎል ሲያገባ፣ ቦነስ ሳይቆጠር፣ 2 እና 4፣ 6 ነው። ማለትም የገዛኸው ሰው ጎል አግብቶልህ፣ አንተ ጮኸህ ጨፍረህ፣ ገና እኩል ነው የሆንከው። ጉዳቱ ለወር ከሆነ ሒሳቡ ይቀየራል፣ አራቱን ነጥብ ለብዙ ሳምንት ታካፍለዋለህ፤ ለአንድ ሳምንት ጉዳት ግን ማይነስ 4 መክፈል ለእኔ ከንዴት የሚመጣ ውሳኔ ነው። የሚጫወቱ ተጠባባቂዎች መያዝ ይሻላል። 4 ሚሊዮን ዋጋ ያላቸውን፣ ሜዳ የማይገቡ ልጆች ወንበሩ ላይ ደርድሮ ኮከቦችን መግዛት በኦገስት ያምራል፣ በዲሴምበር ያስለቅሳል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፣ ገና ከጉዳት የተመለሰ ተጫዋች። ጨርሶ ካልገባ ተጠባባቂህ ይተካዋል። በ88ኛው ደቂቃ ለማሟሟቂያ ያህል ከገባ ግን 1 ነጥብ ይዞ ተጠባባቂህን ወንበሩ ላይ ያስቀረዋል። ካፒቴን ካደረግከውማ ምክትልህም አይሠራም፤ 2 ነጥብ ይዘህ ሳምንቱን ትጨርሳለህ። ከጉዳት የተመለሰን ሰው በመጀመሪያው ሳምንቱ ካፒቴን አለማድረግ ከማልደራደርባቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ የቅዳሜው የምሳ ሰዓት ጨዋታ ሲሆን በሩ የሚዘጋው በእኛ 7 ሰዓት ወይም 8 ሰዓት ላይ ነው፤ እንግሊዞቹ ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ነው የሚለያየው። ክረምቱን ሙሉ 8 ሰዓት የለመደ ሰው መጋቢት መጨረሻ ላይ በድንገት ወደ 7 ሰዓት ይወርድበታል። ክረምት ያልኩት የእነሱን ነው፤ የእኛማ ሌላ ነው።

ይህ ሁሉ የመረጃ ጉዳይ ስለሆነ መረጃው ገበያ ወጥቷል። ዓርብ ማታ ቴሌግራም ላይ «ሰበር» የምትል ነገር ያላየ ማን አለ? «የውስጥ ምንጭ» አለን እያሉ ቪአይፒ ግሩፕ ከፍተው ብር የሚቀበሉም አሉ። ስለ ጉዳት የሚወጣ እውነተኛ የውስጥ መረጃ ስንት እንደሚያወጣ ለማወቅ ጆንታይ ፖርተርን ማስታወስ ይበቃል። የቶሮንቶ ራፕተርስ ተጫዋች ነበር። ኤፕሪል 2024 ኤንቢኤ ዕድሜ ልኩን አገደው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ስለ ራሱ ጤንነት ይፋ ያልሆነ መረጃ ለተወራራጅ ማቀበሉ ነው። አሞኛል ብሎ 3 ደቂቃ ብቻ ተጫውቶ የወጣበት ጨዋታም ነበር። አሜሪካ ላይ ሰው ሙያውን የሚያጣበት መረጃ አዳማ ላይ በ200 ብር ይሸጣል ብሎ ማመን ይከብዳል። የሚሸጥልህ ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ አንተም አለህ። ዓርብ ከሰዓት የአሠልጣኞቹን መግለጫ ጠብቆ ቅዳሜ ጠዋት መወሰን ምንም አያስከፍልም።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚገርመኝ ወዲህ ያለው ነው። የፓልመርን ብሽሽት፣ የሳካን ታፋ ቀን ቆጥረን እናውቃለን። እዚሁ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም የሀገራችን ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎችን አስተናግዷል፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ ሲተላለፉም አይተናል። ተጫዋች በቃሬዛ ሲወጣ በቀጥታ ታያለህ። ከዚያ በኋላ ግን ምን ሆነ? ጡንቻ ነው ወይስ ጅማት? ስንት ሳምንት ያርፋል? ማን ነው የሚያሳክመው? በየሳምንቱ በቋሚነት የጉዳት ዝርዝር የሚያወጣ የሀገር ቤት ክለብ እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። የፋንታሲ ጨዋታ የለም ብዬ አይደለም የማማርረው። የተጎዳው ልጅ ስሙ ከተረሳ ውሉም፣ ሕክምናውም አብሮ እንዳይረሳ ነው የምፈራው። ዝርዝሩ በይፋ የሚወጣ ቢሆን ቢያንስ ደጋፊው «ያ ልጅ የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ጋዜጠኛውም የሚከታተለው ነገር ይኖረዋል።

በቅርቡ ከሊጋችን አባላት አንዱ እያነከሰ ስለወጣ አንድ የአዳማ ከተማ ተጫዋች ግሩፓችን ላይ ጠየቀ። ስለ ሃላንድ ቁርጭምጭሚት ቢሆን በደቂቃ ውስጥ አሥር ሊንክ ይላክ ነበር። ሃያችንም አንብበነዋል፤ የመለሰ የለም።