ከመጋዙ በፊት ማስደገፊያው

የቤት ወርክሾፕ ልክፈት የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የማሽን ዋጋ ነው። ድሪል ስንት ገባ፣ ግራይንደር የትኛው ይሻላል ይላል። እንጨቱን ምን ላይ አጋድሞ እንደሚቆርጥ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። ማሽኑን ገዝቶ ይመጣና እንጨቱን መሬት ላይ ጥሎ፣ በግራ እግሩ ረግጦ፣ ወገቡን አጥፎ ይገዘግዛል። የመጋዙ ጫፍ አፈር በነካ ቁጥር ጥርሱ ይዶለዱማል፤ ሰውየው ደግሞ ቻይናን ይራገማል።

የሚያስፈልገው ሁለት ካቫሌቶ ነው፤ እንጨቱን ከመሬት አንስተው የሚይዙ ባለ እግር ማስደገፊያዎች። ገበያ ወጥቶ መፈለግ አያሻም፣ በቁርጥራጭ ጣውላ ይሠራል። አሠራሩን ከዩቲዩብ መማርም ይቻላል፤ ችግሩ ግን እዚያ የምናያቸው ሁሉ ልሙጥ ኮንክሪት ላይ የቆሙ መሆናቸው ነው። በእኛ በመተማዋ ሽንፋ ኮንክሪት ያለው ግቢ ስንት ነው?

የመተማ ቆላ ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል፣ ክረምት ሲገባ ያብጥና ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ሚያዝያ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ሐምሌ ላይ ያዘማል። አራት ቀጫጭን እግሮች እንዲህ ያለ መሬት ላይ ሲቆሙ ከአራቱ አንዱ ሁልጊዜ ሥራ ፈት ነው፤ ወይ አየር ላይ ይንጠለጠላል ወይ ይሰምጣል። አያቶቻችን በርጩማን በሦስት እግር የጠረቡት ያለ ነገር አልነበረም፤ ሦስት እግር ያለው ነገር ወጣ ገባ መሬት ላይ አይወዛወዝም። ስለዚህ ከሁለቱ ማስደገፊያዎች አንዱን ባለ ሦስት እግር ማድረግ አዋቂነት ነው። የባለ አራቱን እግሮች ደግሞ ሁለት ሁለቱን በአግድም ጣውላ ከሥር ማያያዝ ነው፤ ክብደቱ ጣውላው ላይ ስለሚያርፍ እግሩ አይሰምጥም።

እንጨቱም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ከደጋ የወረደ እርጥብ የባሕር ዛፍ አጣና፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከ40 ዲግሪ በሚያልፈው ሙቀት ከጫፉ ጀምሮ ይተረተራል፤ የመታነው ሚስማርም ይላላል። ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ሳይደርቅ መነካት የለበትም። ምስጡ ደግሞ አለ። እግሮቹን ጫፋቸው ላይ የተቃጠለ ዘይት መቀባት ሁሉም የሚያውቀው መላ ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን ሥራ ሲያበቃ አንስቶ ግድግዳ ላይ መስቀል ነው። ምስጥ የሚወደው ከቦታው የማይነቃነቅ እንጨት ነው።

እንጨት በአጠገባችን ሞልቷል የሚሉኝ አሉ። መተማ የዕጣን አገር መሆኑ እውነት ነው፤ ዛፉ ግን ችግኙ ሳያድግ እየቀረ፣ የቆመው አሮጌው ብቻ እየሆነ ነው። ለመጋዝ ማስደገፊያ ብሎ ጫካ የሚገባ ሰው ሥራውን ባይጀምረው ይሻላል። የቤት ክዳን ሲመታ የተረፈ ሞራሌ ይበቃዋል።

የማስደገፊያው አናት 90 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ባለ 5 በ7 ሞራሌ ነው። ቁመቱ ለእጅ መጋዝ ከጉልበት ብዙም አይዘል፤ ጉልበት እንጨቱን ተጭኖ መያዝ አለበት። እግሮቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ በየ 10 ሴንቲ ሜትሩ ቁመት ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል። አንድ ወጣት ይህን አይቶ ሽማግሌውን አናጢ «ጋሼ፣ ለምን እንዲህ አንጋደዱት?» ሲላቸው፣ መልስ ሳይሰጡ ቀጥ ባለ እግር የተሠራውን አምጥተው «በል ግፋው ልጄ» አሉት። በአንድ እጁ ነካ ሲያደርገው ተጋደመ። እግሩን ከአናቱ ጋር ሲያያይዙ ሚስማሩን ከእግሩ ጫፍ ራቅ አድርጎ መምታት ነው፤ ሹሉን በመዶሻ ጠፍጠፍ ቢያደርጉት ደግሞ እንጨቱን አይሰነጥቅም።

አቆራረጡም አለ። የሚቆረጠው ጫፍ ከማስደገፊያው ውጭ ይንጠልጠል። በሁለቱ መሃል ከቆረጡት እንጨቱ ወደ ታች ይጎብጥና ክፍተቱ ይጠባል፣ መጋዙንም ነክሶ ያስቀረዋል። የእጅ መጋዝ ከሆነ ትዕግሥት ያስጨርሳል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ከሆነ ግን ወደ ቆራጩ ተስፈንጥሮ ሊመጣ ይችላል።

መሣሪያን ለቦታው ማስማማት ለሽንፋ አዲስ ነገር አይደለም። በመጋቢት 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ከ74,000 ዓመት በፊት የኢንዶኔዥያው ቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን በሽንፋ ወንዝ ዳር ሰዎች ይኖሩ እንደነበር ያሳያል። ደረቁ ወቅት ሲረዝምና ወንዙ ወደ ኩሬነት ሲቆራረጥ ዓሣውን ከየኩሬው እያወጡ ኖረዋል። ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ሹሎችም ሠርተዋል፤ ተመራማሪዎቹ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። እኛ ከዚያ ወዲህ መጋዙን መሬት ላይ እየፋቅን ነው።

አንድ ነገር ግን ቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ሁለት ማስደገፊያና አንድ ሰፊ ጣውላ የግብዣ ጠረጴዛ ይሆናሉ። ሰርግ ሲመጣ ዳስ ውስጥ ይገባሉ፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ሥር ይቆማሉ፣ ቤት ቀለም የሚቀባ ጎረቤትም ይዋሳቸዋል። እምቢ ማለት አይቻልም፣ እግራቸው ሳይነቃነቅ መመለሳቸውም ያጠራጥራል። ሞራሌው ከተረፈ አራት መሥራት ነው።