የስፖርት ውርርድን ሕጋዊ ማድረግ ለግዛት ኢኮኖሚ ይጠቅማል? ከአሜሪካ ግዛቶች ያየነው

በአሜሪካ የስፖርት ውርርድን ያልፈቀዱ ግዛቶች ቁጥር ከዓመት ዓመት እየመነመነ ነው። ሚዙሪ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 በሕዝበ ውሳኔ፣ ያውም በጥቂት ሺህ ድምፆች ብልጫ ብቻ ፈቅዳለች። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ በሩን ካልከፈቱት መካከል ሚኒሶታ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያና ካሊፎርኒያ ይገኙበታል። እነዚህ ደግሞ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው፣ መስጂድ የገነቡባቸውና ልጆች የሚያሳድጉባቸው ግዛቶች ናቸው። ረቂቅ ሕጉ አንድ ጊዜ ሲወድቅ በሌላ ጊዜ ይመለሳል፤ ይዞት የሚመጣው ክርክርም አንድ ዓይነት ነው፦ ሰዉ እንደሆነ መወራረዱን አልተወም፤ ገንዘቡ ወደ ጎረቤት ግዛት ከሚሄድ ግብሩን እኛ ሰብስበን ትምህርት ቤት እንሥራበት።

ለእኛ ለሙስሊሞች የቁማር ብይን አከራካሪ አይደለም፤ ሐራም ነው። ነገር ግን ሕግ አውጪው ፊት ቀርበን "ሐራም ነው" ብንል ሰሚ አናገኝም፤ እሱ የሚጠይቀን ስለ በጀት ነው። በበጀት ቋንቋ መነጋገሩም ከሃይማኖታችን የሚያወጣን አይደለም። በሱረቱል በቀራ 219ኛ አንቀጽ ቁርኣን ስለ አስካሪ መጠጥና ስለ ቁማር ሲናገር ለሰዎች ጥቅም እንዳለባቸው አልካደም፤ ጉዳታቸው ከጥቅማቸው እንደሚበልጥ ነው ያስተማረን። ጥቅሙ ምን ነበር ለሚለው የተፍሲር ሊቃውንት ሲያብራሩ፣ የጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች ግመል አርደው በቀስት ዕጣ ይጣጣሉበት እንደነበር፣ አሸናፊዎቹም ሥጋውን ለድሆች እያከፋፈሉ ይኩራሩበት እንደነበር ይጠቅሳሉ። እንግዲህ "ከቁማሩ የሚገኘው ለበጎ ሥራ ይውላል" የሚለው ክርክር ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ስለዚህ ጥቅሙንም ጉዳቱንም በሚዛን ላይ እናስቀምጠው።

አመጣጡን ባጭሩ ለማስታወስ ያህል፣ በ1992 የወጣ የፌዴራል ሕግ ከኔቫዳና ከጥቂት ሌሎች ግዛቶች በቀር የስፖርት ውርርድን ከልክሎ ነበር። ኒው ጀርሲ ይህን ተቃውማ ለዓመታት ተሟገተች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 2018 ሕጉን ሻረውና ውሳኔውን ለየግዛቱ ተወው። ዛሬ ወደ አርባ የሚጠጉ ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ በአንድም በሌላም መልኩ ፈቅደዋል። በዚያው ጊዜ ሁሉም ሰው ስልክ በእጁ ይዞ ስለነበር ውርርዱ ከካዚኖ ወጥቶ ወደ መኝታ ቤት ለመግባት ብዙ ዓመት አልፈጀበትም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በ2024 አሜሪካውያን በሕጋዊ መንገድ ወደ 150 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ተወራርደዋል። ለአሸናፊዎች ተከፍሎ ኩባንያዎቹ እጅ የቀረው 13.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ይህ ማለት ከተወራረደው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 9 ዶላር ያህሉ ከተወራራጁ ኪስ ወጥቶ አልተመለሰም ማለት ነው። ግብሩ በአብዛኛው የሚሰላው ከዚህች 9 ዶላር ላይ ነው እንጂ ከመቶው ላይ አይደለም። ዜና ላይ የሚጠራው ትልቁ ቁጥር ግን ሁልጊዜ የተወራረደው ነው። አንባቢ ይህችን ልዩነት ካልያዘ የቀረው ሁሉ ያምታታዋል።

ከሁሉም ከፍተኛ ግብር ከሚጥሉት አንዷ ኒው ዮርክ ናት። በስልክ መወራረድን በጃንዋሪ 2022 ስትፈቅድ ኩባንያዎቹ ከሚቀራቸው ላይ 51 በመቶ እንዲከፍሉ ደነገገች። በ2024 ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰብስባለች። ደጋፊዎች ይህን ቁጥር በየግዛቱ ይዘውት ይዞራሉ። አንድ ቢሊዮን ዶላር በእርግጥ ትንሽ አይደለም። ነገር ግን የኒው ዮርክ ዓመታዊ በጀት ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ ስለሆነ የውርርዱ ግብር ከበጀቱ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ይህች ግማሽ በመቶ እንድትገኝ ደግሞ ነዋሪው በአንድ ዓመት 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መሸነፍ ነበረበት። የግዛቲቱ ሕዝብ 20 ሚሊዮን ያህል ነው፤ ሕፃን ሽማግሌ ሳይለይ ቢካፈል ለእያንዳንዱ ነፍስ 100 ዶላር ይደርሰዋል። አብዛኛው ሕዝብ ደግሞ አይወራረድም፤ ሸክሙ በጥቂቶች ጫንቃ ላይ ነው።

ኒው ዮርክ እንግዲህ የተሻለው ምሳሌ ናት። በ51 በመቶ ግብር መንግሥት 1 ዶላር እንዲያገኝ ነዋሪው 2 ዶላር ይሸነፋል። ቨርጂኒያ ስትፈቅድ በጣለችው 15 በመቶ ግብር መንግሥት 1 ዶላር እንዲያገኝ ነዋሪው ወደ 7 ዶላር ይሸነፋል። እንደ ኔቫዳና አዮዋ ባሉት የ6.75 በመቶ ግብር ደግሞ ለአንድ ዶላር ወደ 15 ዶላር ነው። ከአንድ ቤት 15 ዶላር አውጥቶ 1 ዶላሯን ለትምህርት ቤት የሚሰጥ፣ 14ቱን ለኩባንያ የሚያስረክብ የግብር ሥርዓት በሌላ በማንኛውም ዕቃ ላይ ቢታወጅ ሕዝቡ ምን እንደሚል መገመት አይከብድም። ፋብሪካ ሲከፈት ዕቃ ይመረታል፤ እርሻ ሲለማ እህል ይገኛል። እዚህ ግን የተመረተ ነገር የለም፤ ገንዘቡ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ነው የዞረው። ኪሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከግዛቱ ውጭ ነው፤ ገበያውን በአብዛኛው የያዙት ሁለት ኩባንያዎች ናቸውና። የሥራ ዕድልም ቢሆን በስልክ የሚሠራ ንግድ እንደ ካዚኖ ሕንፃ አስተናጋጅና ጽዳት ሠራተኛ አይፈልግም።

ቨርጂኒያ ሌላም ትምህርት ሰጥታናለች። በ2021 ስትጀምር ኩባንያዎቹ ደንበኛ ለማባበል የሚሰጡትን "ነፃ ውርርድ" ግብር ከሚከፈልበት ገቢያቸው እንዲቀንሱ ፈቅዳ ነበር፤ በዚህ ምክንያት አንዳንዶቹ ለወራት ግብር ሳይከፍሉ ቆዩ። በ2022 ሕጉ መሻሻል ነበረበት። ከዚያ ወዲህ የብዙ ግዛቶች አካሄድ አንድ ነው፤ በዝቅተኛ ግብር ይጀምራሉ፣ በጀታቸው ሲጎድል ይጨምራሉ። ኦሃዮ በ2023 ከ10 ወደ 20 በመቶ አሳደገች። ሜሪላንድ በ2025 ከ15 ወደ 20 በመቶ ከፍ አደረገች። ኢሊኖይ በ2025 በእያንዳንዱ ውርርድ ላይ የሳንቲም ክፍያ ስትጥል ትልልቆቹ ኩባንያዎች ክፍያውን ወዲያው ወደ ደንበኛው አዞሩት። መንግሥት አንዴ ይህን ገቢ ከለመደ በኋላ የሚያሳስበው ተወራራጩ እንዳይቀንስበት ይሆናል። ጎጂ ነገርን በሚቆጣጠር አካልና ከጎጂው ነገር በሚተዳደር አካል መካከል ያለው ልዩነት የሚደበዝዘው እዚህ ላይ ነው።

የሚሸነፈው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ሰዉ ለሲኒማና ለምግብ ቤት የሚያወጣውን ወደ ውርርድ ቢያዞር ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ምሁር የተሳተፉበት አንድ የ2024 ጥናት ግን የቤተሰቦችን የባንክ እንቅስቃሴ አይቶ፣ ለውርርድ በወጣ በእያንዳንዱ 1 ዶላር ቤተሰቡ ለቁጠባና ለኢንቨስትመንት የሚያውለው በ2 ዶላር ያህል እንደቀነሰ አግኝቷል። በኑሮ በተጨናነቁት ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለስ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ሌላ ጥናት፣ በስልክ መወራረድ በተፈቀደባቸው ግዛቶች የግል ኪሳራ የማወጅ ዕድል ከ25 እስከ 30 በመቶ ያህል እንደጨመረ አሳይቷል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፤ ዓመታት ይፈጃል። ግብሩ ግን በመጀመሪያው ወር ይገባል። ረቂቁን ያጸደቀው ተመራጭ በሚቀጥለው ምርጫ ስለ ግብሩ ያወራል፤ የኪሳራው ፋይል ፍርድ ቤት ሲደርስ እሱ በወንበሩ ላይ ላይኖር ይችላል። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ውርርድ በተፈቀደባቸው ግዛቶች የአካባቢው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ሳይታሰብ ሲሸነፍ በቤት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃት በ10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ጽፈዋል። ይህን የትኛው የበጀት ሰነድ ይመዘግበዋል?

የደጋፊዎቹን ጠንካራ ክርክር ማለፍ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ሕገ ወጥ ውርርድ ድሮም ነበር፤ ዛሬም በውጭ አገር ድረ ገጾች በኩል አለ። በእነዚህ ላይ መንግሥት ዕድሜ አያጣራም፣ ገደብ አያስቀምጥም፣ የተጭበረበረም አቤት የሚልበት የለውም። ይህ እውነት ነው። ኒው ዮርክ ሳትፈቅድ በፊት ሰዎች ድልድይ ተሻግረው ኒው ጀርሲ ገብተው በስልካቸው ተወራርደው ይመለሱ እንደነበርም ይታወቃል። ይሁንና ሕጋዊነቱ ነባሮቹን ተወራራጆች ወደ ብርሃን ከማውጣት አልፎ አዳዲሶችን ፈጥሯል። ማስታወቂያው በየጨዋታው መሐል ይገባል፤ የስፖርት ተንታኙ ራሱ ዕድሉን እየተነተነ ያጫውታል። ሕገ ወጡ አቋማሪ በቴሌቪዥን ቀርቦ ነፃ ውርርድ አይሰጥም ነበር። ሕዝቡም እየነቃ ይመስላል፤ የፒው የጥናት ማዕከል በ2022 ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ሕጋዊ ውርርድ ለማኅበረሰቡ ጎጂ ነው ያሉት 34 በመቶ ነበሩ፤ በ2025 ወደ 43 በመቶ ከፍ ብለዋል።

ከአሜሪካ ውጭም ትምህርት አለ። በብራዚል ማዕከላዊ ባንኩ በ2024 ባወጣው ሪፖርት የድሆች የቀጥታ ድጎማ ከሚቀበሉት ውስጥ 5 ሚሊዮን የሚሆኑት በኦገስት ወር ብቻ 3 ቢሊዮን ሬያል ለውርርድ ኩባንያዎች እንደላኩ አመልክቷል። መንግሥት በአንድ እጁ ለድሃ ይሰጣል፣ በሌላው ፈቃድ የሰጠው ኩባንያ ይወስደዋል። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በ2019 ከውርርድ ኩባንያዎች ጋር በግብር ስትጣላ ትልቁ ኩባንያ ከአገር ወጣ፤ የአገሪቱ እግር ኳስ ክለቦችም ድጋፋቸው በአንድ ጀንበር ተቋረጠ። ኡጋንዳ በዚያው ዓመት አዲስ ፈቃድ መስጠት እንደምታቆም አስታውቃለች።

በአገራችንም ቤቲንግ ቤት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲኖር በየሰፈሩ ትኬት ይዘው የሚቆሙትን ወጣቶች ሁላችንም እናያቸዋለን፤ በአዲስ አበባ ቤቶቹ በተለያዩ ጊዜያት ሲታሸጉና መልሰው ሲከፈቱም አይተናል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከዕድል ሙከራ በሚገኝ ገንዘብ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል፤ ከ1,000 ብር በታች ያለውን ግን ነፃ አድርጓል። የአገር ቤቱ ትኬት አንድ ሌላ ጠባይ አለው፤ ብዙ ጨዋታ በአንድ ትኬት ይደረደራል። ኩባንያው በእያንዳንዱ ጨዋታ ለራሱ 5 በመቶ ብቻ ቢያስቀር፣ አሥር ጨዋታ በተደረደረበት ትኬት ላይ ተወራራጁ ከ100 ብሩ በአማካይ የሚጠብቀው 60 ብር ብቻ ይሆናል። በ20 ብር መቶ ሺህ ለማግኘት የሚያልመው ልጅ ይህን ስሌት ማንም አላሳየውም። መስጂድ ውስጥ ስለ ቁማር ሲነገረው እንኳ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ስለ ካርታና ስለ ዳማ ነው፤ ስልኩ ላይ ያለውን ነገር "የኳስ ግምት" እያለ ይጠራዋል። ይህ የእኛም ጉድለት ነው።

በስደት ያለው ወገናችን ፈተና ደግሞ ለየት ይላል። በታክሲና በዕቃ ማድረስ ሥራ የሚተዳደሩ ወንድሞቻችን ብዙ ሰዓት ወረፋ እየጠበቁ ስልክ ላይ ይውላሉ፤ ካርዳቸውም እዚያው ስልክ ላይ ተያይዟል። ለቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ ሲቋረጥ ምክንያቱን የሚናገር የለም፤ ኀፍረቱ ስለሚበልጥ። ችግሩ ሲገለጥ ብዙውን ጊዜ ትዳር ላይ ደርሷል። ሌላም የማይመች ጥያቄ አለ፤ ግዛቱ ከቁማር ገቢ የሚሰጠውን የትምህርት ድጎማ ልጆቻችን ይቀበሉ ወይ? ጆርጂያ ከ1993 ጀምሮ ከሎተሪ ገቢ ለኮሌጅ ተማሪዎች ድጎማ ትሰጣለች። ይህን ለዑለሞቻችን እንተወዋለን።

ወደ ሚኒሶታ እንመለስ። እዚያ ረቂቁ በተደጋጋሚ ሲቀርብ ለረዥም ጊዜ ያከራከረው ሥነ ምግባር አልነበረም፤ በ11ዱ የነባር ሕዝቦች መንግሥታትና በፈረስ እሽቅድምድም ባለቤቶች መካከል ድርሻው እንዴት ይከፈል የሚለው ነበር። በዚያው ግዛት የክርስቲያን፣ የአይሁድና የሙስሊም ተቋማት በጋራ ሆነው የቁማር መስፋፋትን ሲቃወሙ ቆይተዋል። የግዛቱ ኮሚቴዎች በሚያደርጉት የአስተያየት መድረክ ማንኛውም ነዋሪ ስሙን አስመዝግቦ መናገር ይችላል፤ ዜግነት አይጠየቅም። ተናጋሪው ተወካዩን ሦስት ቁጥር ቢጠይቅ ይበቃል፦ ይህ ግብር እንዲገኝ ነዋሪው ስንት እንዲሸነፍ ታቅዷል? ከተሸነፈው ውስጥ ከግዛቱ የሚወጣው ስንት ነው? ለሱስ ሕክምና የተያዘውስ ስንት ነው?