አባዝታችሁ ተጠቀሙ በሉን

ደግሞ በመጽሐፍ ነገር ሊያደርቀን መጣ አትበሉኝ። ለጊዜው እተወዋለሁ ብዬ ነበር፤ አውቃለሁ። ቃሌን ያስበላችኝ አንዲት ገጽ ናት። የአሥራ አንደኛ ክፍል ባዮሎጂ መጽሐፍ ሽፋን እንደተገለጠ ያለችው፣ ማንም የማያነባት ገጽ። ወረታ መናኸሪያ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ስጠብቅ፣ ከፊቴ ያለው ልጅ መጽሐፉን ገልብጦ ማሽኑ ላይ ሲያስተኛው አየኋት። መብቱ የትምህርት ሚኒስቴር መሆኑን ትነግርና፣ ያለ ሚኒስቴሩ የጽሑፍ ፈቃድ ከመጽሐፉ ምንም ነገር በፎቶ ኮፒም ሆነ በሌላ መንገድ ማባዛት እንደማይቻል በእንግሊዝኛ ታስጠነቅቃለች። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ንም እማኝ ትጠራለች። ማሽኑ ብልጭ አለና ማስጠንቀቂያዋን ጨምሮ ገለበጣት።

ልጁ ሌባ አይደለም። ክፍላቸው የደረሰው መጽሐፍ ለሦስት ለአራት ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ሲጀመር ኅትመቱ አልደረሰም፤ ሚኒስቴሩም የመጽሐፎቹን ፒዲኤፍ ለቀቀ። እሰይ፣ ደግ አደረገ። ግን ያቺ ገጽ ከፒዲኤፉ ውስጥ አልወጣችም። ራሱ የለቀቀውን መጽሐፍ ራሱ አትቅዱ ይላል። ማንም ስለማይከሰስ ማንንም አላሳሰበም፤ እኔን ግን አንገበገበኝ። ልጆቻችንን ገና ከትምህርት ቤት ሕግ ማለት ተጽፎ የሚታለፍ ነገር ነው ብለን እያስተማርናቸው ነው።

እኔ የቆምኩት ለእህቴ ልጅ ነበር። ኮሌጇ የት እንደሆነ አልናገርም፤ ከወረታ ወጣ ያለ ነው። እጄ ላይ የነበረው ከጓደኛዋ የተዋሰችው የሎጂክ ሞጁል ነው። የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ሲመለስ ለዩኒቨርሲቲዎች ከተዘጋጁት አንዱ ነው፤ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ እያለ ይቀጥላል። የጻፉት የመንግሥት ደመወዝተኛ መምህራን ናቸው፤ ያሳተመው መንግሥት ነው። ከመቶ ገጽ በላይ ነው፤ ገጹ አራት ብር፤ ጥረዛው ለብቻው። ያውም የኮፒ ኮፒ ኮፒ ነው። መሐል መሐሉ ጠቁሯል፤ ሠንጠረዦቹ የጉንዳን ሰልፍ መስለዋል። ከሁሉ የገረመኝ የቀድሞው ባለቤት በእስክሪብቶ ያከበባቸው መልሶች አብረው ተገልብጠው መጽሐፉ የሰጣቸው መምሰላቸው ነው። ሁለቱ ስህተት ናቸው። የሎጂክ መጽሐፍ ላይ!

«ጋሼ፣ ፊትና ጀርባ ላድርገው?» አለኝ የኮፒ ቤቱ ልጅ። አድርገው አልኩት።

እንግዲህ አባዙ የሚል ሕግ የት አለ ብዬ ፈለግሁ። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2012 መጀመሪያ አንድ ጥሩ ፖሊሲ አውጥቷል፦ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ለማንም በነጻ ክፍት ይሁን፣ በብሔራዊ ዲጂታል ማከማቻም ይቀመጥ የሚል። ያወጣው ሚኒስቴር ራሱ በ2014 ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ተጠቃለለ፤ እሱን እንለፈው። ዋናው ነገር ፖሊሲው ያተኮረው በምርምር ጽሑፍ ላይ መሆኑ ነው። ፕሮፌሰሩ ለፕሮፌሰር የሚጽፈው ክፍት ይሁን ተባለ፤ ተማሪዋ የምትማርበት መጽሐፍ ግን እንዲህ ያለ አስታዋሽ አላገኘም።

አሜሪካኖቹ በዚህ ቀድመውናል። የካሊፎርኒያ ግዛት ምክር ቤት በፈረንጆቹ 2012 ለሃምሳ የኮሌጅ ኮርሶች ነጻ መጽሐፍ እንዲዘጋጅ ሕግ አወጣ። መጽሐፎቹም የደራሲው ስም እስከተጠቀሰ ድረስ ማንም እንዲያባዛቸውና እንዲያሻሽላቸው ፈቃድ ይዘው እንዲወጡ በዚያው ሕግ አሰረ። ልብ በሉ፤ ይህን ያደረገው ዋሽንግተን ያለው መንግሥት አይደለም፣ ግዛቱ ነው። እኛስ ክልል አይደለን? የመምህራን ትምህርት ኮሌጆቹ የክልሉ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቹም የክልሉ ናቸው። የአማራ ክልል ምክር ቤት በሕግ ጋዜጣው በዝክረ ሕግ ላይ አንዲት አጭር አዋጅ ቢያወጣ ምን ይጎድልበታል? «በክልሉ በጀት የተዘጋጀ የኮሌጅ መጽሐፍና ሞጁል ማንም ሊያባዛው፣ ሊተረጉመው፣ ሊያሻሽለው ይችላል።» በቃ። ጥናት፣ ዐውደ ጥናት፣ አበል አያስፈልገውም። ምናልባት ያልወጣው ለዚሁ ይሆናል።

ደራሲ ምን ይብላ የሚሉኝ አሉ። ከኪሱ አውጥቶ ለጻፈ ደራሲ ጠበቃው እኔ ነኝ፤ አዋጅ 410ም የእሱ ጋሻ ነው። በመንግሥት ደመወዝ የተጻፈ ሞጁል ግን አንዴ ተከፍሎበታል። ደግሞ «ቴሌግራም ላይ ሶፍት ኮፒው አለ፣ ምን ታካብዳለህ» የሚል አንድ ወዳጅ አለኝ። ይህ ሰው በሐምሌ 2015 መጨረሻ የክልላችን ኢንተርኔት ተቋርጦ ስንት ወር እንደከረምን ረስቷል። ያኔ ተማሪውን ያቆየው ፍላሽና ፎቶ ኮፒ ነው።

ስለ ወረታ አንስቶ ሩዝ ሳይጠሩ መሄድ ነውር ነው። የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እዚሁ ከተማችን ነው። ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁት ዋልካ፣ ጤፍ የሚበሰብስበት መሬት፣ ሩዝ ሲያበቅል ማየት ዛሬ ለልጆቹ ብርቅ አይደለም። ሩዙ ሲነሳ በቀረችው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይከተላል። ይህ ሁሉ የመጣው በደርግ ጊዜ ጅግናና ሻጋ በተባሉት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞክሮ ነው። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ዘሩ የፎገራን ሜዳ ያዳረሰው ጎረቤት ከጎረቤት እየተበዳደረ ነው። ዘር አበዳሪ «እንዳታባዛው» ብሎ ሲያስጠነቅቅ የሰማ አለ?

የግብርና ተማሪው ታዲያ ስለ ሩዝ ምን ያነባል? በአብዛኛው ከውጭ መጻሕፍት የተለቃቀመ ሀንድአውት። ስለ ፎገራ ሩዝ የተጻፈ ምርምር ሞልቷል፤ ግን በእንግሊዝኛ፣ ለመጽሔት፣ ለዕድገት ነጥብ። ፊሊፒንስ ያለው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም ይህን ነገር በ1979 በፈረንጆች አቆጣጠር ነቅቶበታል። ቤኒቶ ቬርጋራ የተባሉት ሳይንቲስት ለገበሬ የሚሆን የሩዝ አመራረት መጽሐፍ አዘጋጁ፤ ገጹ በሥዕል የተሞላ፣ ጽሑፉ አጭር። ተቋሙ ሥዕሎቹን ጽሑፉ ወጥቶላቸው ለፈለገ ሁሉ ሰጠ፤ የየአገሩ ሰው በባዶው ቦታ የራሱን ቋንቋ እየሞላ በነጻ አሳተመ። ኢንተርኔት ሳይኖር በፊት!

እዚህ ላይ ስደርስ ግን የራሴው ክርክር አንገዳገደኝ። አዋጁ ነገ ቢወጣ የሚባዛው የቱ መጽሐፍ ነው? ያው እንደ ሎጂኩ ሠንጠረዡ የጠፋ ሞጁል ነው? ማባዛት መፍቀድ ቀላሉ ነው፤ ካሊፎርኒያም ለማስጻፊያው ገንዘብ መድባለች። ለአንድ መምህር የአንድ መንፈቅ የማስተማር ጫናውን ቀንሶ «የፎገራን ሩዝ በአማርኛ ጻፍ» የሚል ኮሌጅ እስኪገኝ ድረስ ፈቃዱ ብቻውን ብዙ አይራመድም። አዋጁ ሁለተኛ አንቀጽ ይጨመርበት።

መጽሐፉ ሲጻፍ ደግሞ አንድ ምዕራፍ ለእንጀራ ይተውልን። የፎገራ ሴቶች ሩዝን ከጤፍ እየቀላቀሉ ሲጋግሩ የኖሩት ማንም ሳያሠለጥናቸው ነው፤ እኔ ባየሁት ሀንድአውት ውስጥ ግን አንድ መስመር አላገኘሁም። ልኬቱን እህቴን ብጠይቃት «እኩል በእኩል፤ ከዚያ ካለፈ በማግሥቱ ይደርቃል» አለችኝ። ጎረቤቷ እትዬ ከምድጃው አጠገብ ሆነው «ማን አስተማረሽ! ሁለት እጅ ሩዝ ይችላል፣ ውኃውን ካወቅሽበት» አሉ። እስከ ቡና ድረስ ተከራከሩ። ጸሐፊው መምህር ሁለቱንም ጋግሮ ይሞክር፤ ለሙከራው የሚሆን ጤፍ እኔ አዋጣለሁ።